መብራት ጠፍቶ የሚዞር

ራውዳ ደብተር አላት፣ ሽፋኑ የለቀቀ፣
ዳር ዳሩ በዘይት ጣት ታትሞ የደመቀ።
ግራው ገጽ «ገባ» ነው፣ ቀኝ ገጹ «ወጣ» ነው፤
በሁለቱ መሃል ያለች ቀጭን መስመር፣
ቤታችን እሷ ላይ ነው የቆመው።

እኔ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤
ለሊሙ፣ ለአጋሮ፣ ለቦንጋ መንገደኛ
ቀኑን መልስ ስቆጥር ውዬ
ማታ ስገባ ግን መልስ የለም ለእኛ።

የጅማ ሐምሌ ኮቺ ላይ ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው
ሰው ዝናብ ይለዋል፤
እሷ «ደረሰኝ የማይቆርጥ ውሃ ልማት» ነው የምትለው።
አሸንዳው ሥር በርሜል፣ በርሜሉ ሥር ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ሥር ጆግ፤
ከጆግ ያመለጠውን ጎመኑ ይጠጣል፤
አዌቱ ከእኛ ደጅ በባዶ ይመለሳል።

ካውያ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ፣ ስድስት ሸሚዝ ባንድ ሙቀት፤
ባቄላው ከማታ ይነከራል፣
«ከሰሉ ከሚያልቅ ሌሊቱ ይለቅ» ብላ።
ናስሩ አምፖል ሳያጠፋ ከወጣ
አምስት ደቂቃ ከኳሱ ተቀጣ።

ታዲያ በዚህ መሃል የሐምሌ ቢል መጣ።
ሰኔ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣
ሐምሌ ሦስት መቶ አምስት፤
ዘጠና አራት ብር በየት በኩል ወጣ?

ሁላችንም ተጠረጠርን፦
ስልኬ፣ ራዲዮኑ፣ የናስሩ የእጅ ባትሪ።
ራውዳ አፍጥጣ አየችኝ እንደ ሒሳብ መርማሪ።

አንድ ማታ ሁሉን ነቀልን።
ጨለማ ውስጥ ተደርድረን ቆምን፣
ትንፋሽ ጭምር የምንቆጥብ ይመስል።
ናስሩ ቆጣሪው ላይ አበራና
«አባዬ፣ ይዞራል!» አለ።
እውነትም ቀይዋ ምልክት፣
ለቅሶ ደርሳ እንደምትመለስ አሮጊት፣
ዝግ ብላ፣ ዝግ ብላ
ዞራ መጣች።

ሽቦ አገኘሁ። ከአቮካዶው ጀርባ፣
ባጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ አዴ መይሙና ጓሮ ሲገባ።
ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው፤
የሳልኩት ስድብ ግን
ሰቃ ድረስ ያለ ትኬት የሚያደርስ ነው።

በሩን ከፈተች።
የሳሙና ካርቶን፣
ካርቶኑ ውስጥ መቶ ዋት አምፖል፣
ከአምፖሉ ሥር ሠላሳ ጫጩት፣
ተጠጋግተው አንድ ቢጫ ነገር የሆኑ።

«ብርዱ አሥራ አንዱን ወሰደብኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።
«ሦስት ወር ባልከፍል መስመሬን ቆረጡት።
ልለምን ብዬ ደጃችሁ ድረስ መጣሁ፣
ለማኝ ከመባል ሌባ መባል ቀለለኝና ተመለስኩ።»

ፒንሳው እጄ ላይ ከበደ።
ምን ይባላል? ስርቆት ነው።
ሙቀትም ነው።

ራውዳ ከኋላዬ ደርሳ ኖሯል።
ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ
ተንበርክካ አምፖሉን አየች፦
«መቶ ዋት? አዴ፣ ይኼ እኮ ብክነት ነው!
አርባ ይበቃል። ካርቶኑም በጋቢ ይጠቅለል፤
ለማን ብሎ ነው ሙቀቱ ጣሪያ ለጣሪያ የሚሄደው?
ቀን ጸሐይ ሲወጣ ይጠፋል።
ሽቦውን እሱ በፕላስተር ይጠቅልለው፣
ዝናብ ነው፣ ሰው ይገድላል።»

ነሐሴ ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነ።
ከሠላሳው ጫጩት ዘጠኙ አውራ ወጣ፤
አሁን ገና ሳይነጋ፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣
ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳሉ።
ዘጠና አራቱ ብር እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤
ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አልረሳውም።

ጥር ላይ ናስሩ በመዳፉ ይዞ መጣ፣
አንድ እንቁላል፣ ትንሽዬ፣ ደም የነካው።
ራውዳ ደብተሯን ገለጠች።
ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፤
እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እርሳስ አነሳች፣
በቀጭኗ መስመር ላይ
«አንድ» ብላ ጻፈች።